አውራ አምባ፦ ስሟና ታሪኳ

ከባሕር ዳር ተነስተው ወረታ ላይ ወደ ደብረ ታቦር ሲታጠፉ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ አንዲት ትንሽ መንደር አለች። ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ። አውራ አምባ ትባላለች።

ከስሟ ልጀምር። አምባ አናቱ ለጥ ያለ ተራራ ነው፤ ድሮ ሰው ከጠላት ይሸሸግበት ነበር፣ እያደር ግን መንደርንም አምባ ማለት ተለመደ። አውራ ደግሞ ዋና፣ የበላይ ማለት ነው፤ አውራ ጎዳና፣ አውራ ጣት እንደምንለው። ሲገጥሙ የአምባው ቁንጮ እንደማለት ይሆናል። ግን አውራ ወንድንም ያመለክታል፣ አውራ ዶሮን ልብ ይሏል። ይህ ስም የወጣላት መንደር ሴት እርፍ የምትጨብጥባት፣ ወንድ እንጀራ የሚጋግርባት መሆኗ ሁሌም ይደንቀኛል።

የመሠረቷት አቶ ዙምራ ኑሩ ናቸው፣ በ1964 ዓ.ም.፣ ሐሳባቸውን ከተቀበሉ ጥቂት ገበሬዎች ጋር። ነገሩ የጀመረው ግን በልጅነታቸው ነው። እናታቸው ከአባታቸው እኩል እርሻ ላይ ይውላሉ። ማታ ደግሞ መፍጨቱ፣ መጋገሩ፣ የባል እግር ማጠቡ የእሳቸው ነው፤ አንዱ ከጎደለ ዱላ አለ። ልጁ «ለምን?» ሲል እብድ ነው ተባለ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» በሚባልበት አገር ሌላ ምን ይባላል?

መንደሯም ቀላል ጊዜ አላሳለፈችም። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላትም፤ ነዋሪዎቿ በአንድ ፈጣሪ እናምናለን፣ እምነታችን መልካም ሥራ ነው ይላሉ። በዚህም ጎረቤት አገለላቸው። በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ደግሞ የአማፂ ደጋፊ ተብለው ተሳደዱና ቀያቸውን ጥለው እስከ ቦንጋ፣ ከፋ ድረስ ተሰደዱ። መንግሥት ተለውጦ ሲመለሱ መሬታቸውን ሌላ ሰው ይዞት ጠበቃቸው። የተረፋቸው 17.5 ሄክታር ብቻ ነበር።

ያ ደግሞ በመቶ የሚቆጠር ሕዝብ አይመግብም። ስለዚህ ሽመናና ወፍጮ ያዙ። ሽመና በአካባቢው የተናቀ ሙያ ነበር፣ ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ መሆኑም የታወቀ ነው። አውራ አምባ ግን ሴቷ እግሯን መርገጫው ላይ አድርጋ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ትልካለች፤ ወንዱ ጥጥ ይፈትላል። በሳምንት አንድ ቀን የሚሠሩት ደግሞ ለራሳቸው አይደለም፣ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያንና ለታመሙ ነው።