ባሕሩን የሚጠብቅ ካሜራ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 2000 ዩኤስኤስ ኮል የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ነዳጅ ለመቅዳት ኤደን ወደብ ቆማ ነበር። አንዲት ትንሽ ጀልባ ቀስ ብላ ተጠጋች። መርከበኞቹ አይተዋታል። ግን የወደቡ አገልግሎት ሰጪ መስላቸው ዝም አሏት። ጀልባዋ ፈንጂ ጭና ነበር፤ 17 መርከበኞች ሞቱ። በ2002 ደግሞ ሊምበርግ የተባለችው የፈረንሳይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ እዚያው የመን ዳርቻ አካባቢ በተመሳሳይ መንገድ ተመታች።

አውቶማቲክ የቪዲዮ ቅኝት ባሕር ላይ ትልቅ ቦታ እንዲይዝ ካደረጉት ነገሮች መካከል እንዲህ ያሉ ጥቃቶች ይገኙበታል። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። መርከብ፣ ወደብ ወይም የነዳጅ ማውጫ መድረክ ላይ ካሜራ ይተከላል። ምስሉን ኮምፒውተር ይከታተላል። የሚያጠራጥር ነገር ሲያይ ሰው ይጠራል።

«ራዳር እያለ ካሜራ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ራዳር ሩቅ ያያል፤ ጨለማና ጭጋግም ብዙ አያግደውም። ነገር ግን ከእንጨት፣ ከፋይበርግላስ ወይም ከጎማ የተሠራች ትንሽ ጀልባ የምትመልሰው ምልክት ደካማ ስለሆነ ከባሕሩ ሞገድ በሚመለሰው ምልክት ውስጥ ትጠፋለች። ኤአይኤስ የሚባለው መርከቦች ማንነታቸውንና ያሉበትን የሚያሰራጩበት መሣሪያም አለ። ግዴታው ግን በዋናነት በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ላሉ፣ መጠናቸው 300 ግሮስ ቶን ለሞላ መርከቦች እንጂ ለትንንሽ ጀልባዎች አይደለም። ደግሞም መሣሪያው ሊጠፋ ወይም ሊዋሽ ይችላል። የባሕር ወንበዴ «መጣሁላችሁ» ብሎ አያውጅም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ሁሉም ተቀናጅተው ይሠራሉ። ራዳሩ አቅጣጫ ይጠቁማል፣ ካሜራው ራሱ ወደዚያ ዞሮ አቅርቦ ያያል።

ሰው ቁጭ ብሎ ስክሪን ቢያይስ? እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኖርማን ማክዎርዝ ለዚህ በ1948 መልስ ሰጥቷል። ጥናቱ የተነሳው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የራዳር ሠራተኞች ችግር ነበር። ሰዎች ለረጅም ጊዜ አንድ ነገር ላይ ሲያፈጡ ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ምልክት መሳት እንደሚጀምሩ አሳየ። ባሕር ደግሞ ለሰዓታት ምንም የማይታይበት ነው። እንቅልፍ ባይጥል ነው የሚገርመው።

ኮምፒውተሩም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለበት። የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ ካሜራ ሥራው ቀላል ነው፤ መሬቱ አይንቀሳቀስም፣ የተንቀሳቀሰው እንግዳ ነው። ባሕር ላይ ግን ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል። ሞገዱ፣ አረፋው፣ የፀሐይ ነጸብራቁ፣ ወፉ፣ ሌላ መርከብ ትቶት የሄደው የውሃ መስመር፤ ካሜራው የተተከለባት መርከብ ራሷ ሳትቀር ትወዛወዛለች። ስለዚህ ብዙ ሶፍትዌሮች መጀመሪያ አድማሱን ይፈልጋሉ። የአድማሱን መስመር ካገኙ ምስሉን ማረጋጋት ይቻላል። አንድ ነገር ከአድማሱ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚታይ በማየትም ርቀቱን መገመት ይቻላል። ቀጥሎ የሚመጣው ትዕግሥት ነው። የሞገድ አረፋ በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል፤ ጀልባ ግን ከምስል ወደ ምስል አቅጣጫዋን ይዛ ትቀጥላለች። በእኔ ግምት የዚህ ሙያ ዋና ብልሃት ይህ ነው። ዛሬ በብዙ ምስል የሠለጠነ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጀልባን ከወፍ ለመለየት ቢያግዝም፣ በጊዜ ውስጥ የመከታተሉ ሥራ አልቀረም።

ለሌሊቱ የሙቀት ካሜራ አለ። የሞተር ሙቀትና የሰው ገላ ከውሃው ጋር ሲነጻጸሩ ጎልተው ይታያሉ። ዝናብና ከባድ ጭጋግ ግን ይህንንም ያደክሙታል። ሌላው ተራ የሚመስል ጠላት ጨው ነው። ውሃ ይረጫል፣ ይደርቃል፣ ሌንሱ ላይ ጨው ይጋገራል። ውድ ካሜራ ገዝቶ ማጠቢያና መጥረጊያ የረሳ ሰው ትርፉ ብዥታ ነው።

ቁጥሩንም እንይ። በሰከንድ 25 ምስል የሚያነሳ አንድ ካሜራ በቀን 2,160,000 ምስል ያነሳል። ከ100,000 ምስል በአንዱ ብቻ ተሳስቶ ጀልባ አለ ቢል እንኳ በቀን ከ21 በላይ የሐሰት ማንቂያ ይጮኻል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሠራተኛው ድምፁን ያጠፋዋል። ብዙ አምራቾች ሩቅ የማየት አቅማቸውን ያስተዋውቃሉ፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው የሐሰት ማንቂያውን ነው።

ርቀቱም ቢሆን ያታልላል። ከውሃው 16 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ካሜራ አድማሱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ነገር ግን «አንድ ነገር አለ» ማለትና «ጀልባ ነው» ማለት ይለያያሉ። ተመራማሪው ጆን ጆንሰን በ1958 ባወጣው መስፈርት፣ የአንድን ነገር ዓይነት ለማወቅ መኖሩን ብቻ ለማየት ከሚያስፈልገው አራት እጥፍ ያህል የምስል ዝርዝር ያስፈልጋል፤ በትክክል ለመለየት ደግሞ ከስድስት እጥፍ በላይ። በ30 ኖት የምትበር ጀልባ አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር፣ ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ ይበቃታል። ምስሉ ግልጽ እስኪሆን ቢጠበቅ ጊዜው ያልቃል። ከውሃው ብዙም ከፍ የማይሉት ሰው አልባ የባሕር ድሮኖች ደግሞ ነገሩን አባብሰውታል። በጁን 2024 ቱተር የተባለችው የጭነት መርከብ ቀይ ባሕር ላይ በእንዲህ ዓይነት ድሮን ተመትታ በኋላ ሰጥማለች። ከውሃ በታች ለሚመጣ ጠላቂ ግን ካሜራ ዕውር ነው፤ እሱ ውሃ ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ የሚፈልገው የሶናር ሥራ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ዓላማን መገመት ነው። ሶፍትዌሩ ፍጥነትን ያሰላል፣ ጀልባዋ በቀጥታ እየመጣች መሆኑን ያያል፣ ከትልቅ መርከብ ጀርባ ድንገት ብቅ ማለቷን ይመዘግባል። ዓሣ አጥማጅም ግን መረቡን እንዳይቆርጡበት ወደ መርከብ ሊገሰግስ ይችላል። በፌብሩዋሪ 2012 ከሕንድ ኬራላ ዳርቻ ባሻገር፣ ኤንሪካ ሌክሲ የተባለችውን ነዳጅ ጫኝ ያጅቡ የነበሩ የጣሊያን ወታደሮች ወንበዴ መስለዋቸው ሁለት ዓሣ አጥማጆችን ገደሉ። ጉዳዩ ሁለቱን አገሮች ለዓመታት አሟግቶ በ2021 በካሳ ተዘጋ።

ለዚህም ነው ካሜራውን ከኃይለኛ ድምፅ ማጉያና ከብርሃን ጋር ማጣመር የተለመደው። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ከዚያ ጀልባዋ ምን እንደምታደርግ ይታያል። ዞር ካለች ማንቂያው ይዘጋል፣ ቪዲዮው ለማስረጃ ይቀመጣል።