«ፍሬሽማን ሳይጠጣ ግቢ አይለምድም»፦ በወሎ ግቢዎች የመጀመሪያ ሳምንት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ ገቢ ተማሪ ደሴ መናኸሪያ ሲወርድ ሻንጣውን የሚይዝለት አያጣም። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎችም ሆነ በወልድያ፣ ነባር ተማሪዎች ወጥተው እንግዳ መቀበላቸው ደስ የሚል ልማድ ነው። ከሻንጣው ጋር ግን ምክርም አብሮ ይጫናል፤ ካፌ ስንት ሰዓት ወረፋው እንደሚቀንስ፣ የትኛው መምህር ውጤት እንደሚቆጥብ፣ ማታ ማታ የት እንደሚኬድ። ስለ ወረፋውና ስለ መምህሩ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ስለ ማታው የሚነገረው ግን መፈተሽ ያስፈልገዋል።

«ሁሉም ይጠጣል»

ሁሉም አይጠጣም። ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ዲቦራ ፕሬንቲስና ዴል ሚለር፣ በአሜሪካ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያደረጉትን ጥናት በ1993 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሳትመው ነበር። ተማሪዎቹ ስለ ግቢው የመጠጥ ልማድ ሲጠየቁ፣ በአማካይ «እኔ ብዙም አይመቸኝም፣ ሌላው ግን ተመችቶታል» የሚል ግምት እንዳላቸው ታየ። ሰው ሁሉ ከሌላው ሰው ሁሉ ይበልጥ የማይመቸው ሊሆን አይችልም፤ ሒሳቡ አይወጣም። እያንዳንዱ የሌላውን ዝምታ እንደ ስምምነት ቆጥሮት ነው።

እዚህም ነገሩ ያው ነው። አምስት ልጆች ሞቅ ብሏቸው ሲገቡ ሕንጻው በሙሉ ይሰማል፤ ተኝተው ያደሩትን ማን ይቆጥራቸዋል? ደግሞም በወሎ ግቢዎች ሃይማኖቱ መጠጥ የሚከለክለው ሙስሊም ተማሪ ብዙ ነው። በዚያው ሳምንት ግቢ ጉባኤው፣ ጀመዓውና ፌሎሺፑ በየፊናቸው አዲስ ገቢዎችን ይቀበላሉ፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ስልክ ቁጥር ይለዋወጣሉ። ጓደኛ የሚገኘው በመጠጥ ቤት ብቻ ነው ያለ ሰው እነዚህን በሮች አልፏቸው የሄደ ነው።

«የወሎ ሰው ሲጋብዝ እምቢ ማለት ነውር ነው»

ይህን የሚለው ብዙውን ጊዜ ወሎን በዘፈን ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ምድር ስለሆነ፣ ወሎ ማለት ጭፈራና ብርጭቆ የሚመስለው አለ። ነገር ግን ወሎ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጠብታ አልኮል ሳይቀርብ የሚዜምበት መንዙማም አገሩ ነው። የክርስቲያኑ ድግስ ለሙስሊም ጎረቤት ለብቻ ያሳርዳል፣ የሚጠጣውንም ለብቻ ያሰናዳል። የማይጠጣን እንግዳ ሳያሳፍሩ ማስተናገድ እዚህ የኖረ ሙያ ነው። «አልጠጣም» ላለ ሰው የወሎ መልስ «አብሽር» ነው፤ ለስላሳ ይመጣለታል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። «አንዴ ብቻ ቅመስ» እያለ የሚያስጨንቅ ሰው ካጋጠማችሁ፣ የአገሩን ልማድ እየጠበቀ እንዳይመስላችሁ።

«ጠላ መጠጥ አይባልም፤ አረቄ ደግሞ ለደሴ ብርድ መድኃኒት ነው»

ጠላ እንደ አጠማመቁ ከ2 እስከ 6 በመቶ አልኮል ሊይዝ ይችላል፤ ወፈር ያለው ጠላ ከቢራ አያንስም። የአረቄ ጉልበት ደግሞ 40 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት መለኪያ አረቄ፣ 5 በመቶ አልኮል ካለው 330 ሚሊ ሊትር የቢራ ጠርሙስ ጋር ትመጣጠናለች። ሦስት መለኪያ በሩብ ሰዓት የጨለጠ ልጅ ሦስት ጠርሙስ ቢራ በሩብ ሰዓት ጠጥቷል ማለት ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከኮምቦልቻ ወይም ከቆላ ለመጣ ሰው የጦሳ ተራራ ብርድ ቀላል አይደለም። አረቄ ሲጠጣ ፊት የሚሞቀው በቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮች ስለሚሰፉ ነው። የሚሰማው ሙቀት ከውስጥ ወደ ውጭ እየወጣ ያለው ነው፤ ሰውነት በዚያው ልክ ይቀዘቅዛል። ሰክሮ ደጅ ላይ የተኛ ሰው በብርድ የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው። ጋቢ ይሻላል።

«በእሳት ስትፈተን ሰማያዊ ከነደደች ንጹህ ናት» የሚባለውም መተማመኛ አይሆንም። ዓይን የሚያጠፋው ሜታኖልም ሲነድ ነበልባሉ ፈዛዛ ሰማያዊ ነው።

«ከጫት በኋላ ሁለት ቢራ ሚዛን ያመጣል»

ጨብሲ የሚባለው ነገር ነው፤ በርጫው ሲያልቅ ምርቃናውን ለመስበር፣ እንቅልፍም ለማግኘት ይጠጣል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ ልብ ያስመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። አልኮል ያደነዝዛል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም፤ የጫቱ ንቃት የመጠጡን ስሜት ይሸፍነዋል። ልጁ ያልሰከረ ይመስለዋል፤ ስለማይሰማውም «ሁለቱ» ስድስት ይሆናሉ። እግሩና ፍርዱ ግን ሰክረዋል። በዚህ ሁኔታ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በሌሊት ይዞ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሾፌር አጠገብ መቀመጥን አስቡት። እንቅልፉም ቢሆን በመጠጥ የመጣ እንቅልፍ ሌሊቱ ሲጋመስ ይሰባበራል፤ በማግስቱ ሰውየው ደክሞት እንደገና ጫት ይፈልጋል። ልማዱ የሚያዘው እንዲህ ነው።

«ቡና ጠጥቶ ፊት ቢታጠብ ይለቀዋል»

ቡና የነቃ ሰካራም ያደርገዋል እንጂ ስካሩን አያወጣለትም። ጉበት አንድ ጠርሙስ ቢራ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈልጋል፤ ሎሚም፣ ቀዝቃዛ ሻወርም፣ ማስታወክም አያፋጥኑትም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ስድስት ጠርሙስ የጠጣ ልጅ ሰውነቱ የሚጠራው ንጋት 11 ሰዓት አካባቢ ነው። የምዝገባ ወረፋ ላይ አንዳንዱ ለምን ግድግዳ ተደግፎ እንደሚቆም ከዚህ ይገባል።

«ተኝቶ ይለፍለት»

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ሆድ ውስጥ ያለው መጠጥ ሰውየው ከተኛ በኋላም ወደ ደም መግባቱን ስለማያቆም፣ ሲተኛ ከነበረበት ይልቅ ቆይቶ ሊብስበት ይችላል። በጀርባው የተኛ ሰው ቢያስታውከው ሊታፈን ይችላል። በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት። ጠርታችሁትና ቆንጥጣችሁት ካልነቃ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ከስምንት ካነሰ ወይም በአንዱና በሌላው መካከል ከ10 ሰከንድ በላይ ካለፈ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ገላው ከቀዘቀዘ፣ የግቢውን ክሊኒክ ቀስቅሱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። «ፕሮክተሩ (የዶርም ተቆጣጣሪው) ቢያውቅ ይቀጣናል» ብሎ መደበቅ ምን ሊያስከትል እንደሚችል መናገር አያስፈልግም።

«የጋበዛት እሱ ነው፤ እሷም ጠጥታለች»

እንደ ቀልድ ይወራል። የመጀመሪያው ሳምንት ጋባዥ የሚበዛበት ነው፤ አዲስ ገቢዋ ደግሞ ከተማውን አታውቅም፣ የግቢው በር ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ገና አልለመደችም፣ ስልኳ ላይ ያሉት ቁጥሮች የቤተሰቦቿ ናቸው። ይህን የሚያውቅ ጋባዥ ሆን ብሎ ያስመሻል፣ ከዚያ «በሩ ተዘግቷል፣ እዚሁ እንደር» ይላል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620፣ ሴትን ራሷን እንድትስት ወይም መከላከል እንዳትችል አድርጎ ግንኙነት መፈጸም አስገድዶ መድፈር ነው፤ ቅጣቱም ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት። ሕጉ ይህን ከኃይል ድርጊትና ከከባድ ዛቻ ጎን አስቀምጦታል። ሒሳቡን የከፈለ ሰው የገዛው ቢራውን ብቻ ነው። አብረው የወጡ ሴቶች አብረው ይመለሱ፤ በር ላይ የጥበቃን ቁጣ መስማት ከማያውቁት ቤት ማደርን ያህል አይከብድም።

«18 ዓመት ከሞላ ማንም አይከለክልም»

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። አብዛኛው አዲስ ገቢ 18 ወይም 19 ነው። ነባሩ ተማሪ ይህን አይነግራችሁም፤ ምናልባት እሱም 21 አልሞላውም።