የቴክሳስ መልክዓ ምድር፦ ከባሕረ ሰላጤው እስከ ምዕራብ ተራሮች

ቴክሳስ 695,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ትሰፋለች። ከአሜሪካ ግዛቶች በስፋት የምትበልጣት አላስካ ብቻ ናት። ስሟ ሲነሣ ለብዙ ሰው የሚታየው በረሃ ቢሆንም በረሃው የምዕራቡ ጥግ ነው። መሬቱ ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ዝናቡ ደግሞ ወደ ምዕራብ በተኬደ ቁጥር ይሳሳል። በሉዊዚያና ድንበር አካባቢ በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንብ፣ በሌላኛው ጫፍ ያለችው ኤል ፓሶ 250 እንኳ አይሞላላትም።

ምሥራቁ የፓይን ደንና ረግረግ ነው። ወደ ታች የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ይከተላል፤ ፊት ለፊቱ ረዣዥም የአሸዋ ደሴቶች ተዘርግተዋል። በ1900 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ ናቸው) አውሎ ነፋስ ጋልቨስተን ደሴትን መትቶ ቢያንስ 6,000 ሰው ከገደለ በኋላ የባሕር መከላከያ ግንብ ተሠርቶላታል። ሂውስተን ያለችበት ምድር ለጥ ያለ ሸክላማ ሜዳ ስለሆነ ውሃው ቶሎ አይወርድም፤ በ2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ዝናብ ለቀናት የተኛባት በዚህም ጭምር ነው።

ከዳላስ ሰሜን እስከ ሳን አንቶንዮ ጠባብ የጥቁር አፈር ቀበቶ አለ። የእኛው ዋልካ ዓይነት ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዳላስ ዙሪያ ቤት የገዙ ኢትዮጵያውያን በር አልዘጋ ሲል፣ ግድግዳ በሰያፍ ሲሰነጠቅ የሚያዩት ለዚህ ነው። ጉዳቱ የሚብሰው የመሠረቱ አንዱ ጎን ደርቆ ሌላው ሲረጥብ ነው። ስለዚህ በበጋው ሙቀት የሚያንጠባጥብ ቱቦ ከመሠረቱ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር አርቆ ዙሪያውን እኩል ማራስ፣ የጣሪያ ውሃም ከግድግዳው ሥር እንዳይቆም ማድረግ ያስፈልጋል።

ከቀበቶው በስተ ምዕራብ ባልኮነስ የተባለ ረጅም የምድር ቅርፊት ስንጥቅ መሬቱን ከፍ ያደርገዋል። ኦስቲንና ሳን አንቶንዮ የተቆረቆሩት ከዚሁ ጠርዝ በሚፈልቁ ምንጮች አጠገብ ነው። በላይ ያሉት የኖራ ድንጋይ ኮረብቶች ውብ ናቸው፤ ግን አፈራቸው ስስ ስለሆነ ዝናቡን ሳይዙ ወደ ወንዝ ይለቁታል። በሐምሌ 2025 እንደ አውሮፓውያኑ፣ የጓዳሉፔ ወንዝ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከ6 ሜትር በላይ ሞልቶ ከ100 በላይ ሰው ጨርሷል። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወራጅ ውሃ ትንሽ መኪና ያነሣል፤ ጎርፍ መንገድ ካቋረጠ መመለስ እንጂ መሞከር የለም።

ሰሜን ምዕራቡ ላኖ ኤስታካዶ የተባለ ሰፊ አምባ ነው፤ ጥጥ ይመረትበታል። መስኖው የሚቀዳው ኦጋላላ ከተባለ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የሚተካው በጣም በዝግታ ስለሆነ የጉድጓዶቹ ውሃ እየራቀ ሄዷል፣ ወደ ዝናብ እርሻ የተመለሱ ገበሬዎችም አሉ።

ከፔኮስ ወንዝ ማዶ ተራራና በረሃ ይፈራረቃሉ። ከፍተኛው ጓዳሉፔ ጫፍ 2,667 ሜትር ነው። በቢግ ቤንድ ፓርክ የቺሶስ ተራሮች ቀዝቀዝ ሲሉ ታች ሪዮ ግራንዴ ዳር ሙቀቱ ይፋጃል፤ የሚጓዝ ሰው ለቀን 4 ሊትር ያህል ውሃ ይዞ መውጣት አለበት፣ በካርታ ላይ የሚታዩት ምንጮች ደርቀው ሊገኙ ይችላሉና።