ኳንተም ሜካኒክስን በነጻ መማር፦ ቡና ላይ የሚወራውና እውነታው

ደሴ ውስጥ ቡና ላይ ተቀምጬ «ኳንተም ሜካኒክስ (የአተምና የኤሌክትሮን ዓለም ፊዚክስ) በራሴ እየተማርኩ ነው» ካልኩ አለቀልኝ። አቦሉ ሳያልቅ ምክሩ ይወርድብኛል። አብዛኛው ደግሞ ስህተት ነው።

«በነጻ የሚገኝ ነገር እርባና የለውም።»
ኧረ ተዉ! ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለራሱ ተማሪዎች የሚሰጠውን የኳንተም ፊዚክስ ኮርስ ከነቪዲዮው፣ ከነቤት ሥራውና ከነፈተናው ኦፕን ኮርስዌር በሚባለው ድረ ገጹ ላይ አስቀምጦታል። ምዝገባ የለ፣ ክፍያ የለ። ቁጥሩ 8.04 ነው፤ እኔ እ.ኤ.አ. የ2013ቱን፣ አለን አዳምስ የሚያስተምረውን ነው የምመክረው። ሰውዬው የሚጀምረው በቀመር አይደለም። ኤሌክትሮን «ቀለም» (ነጭ ወይም ጥቁር) እና «ጥንካሬ» (ጠንካራ ወይም ለስላሳ) አለው እንበል ይላል። ነጮቹን ብቻ ለይተህ ጥንካሬያቸውን ትለካለህ፤ ከዚያ ጠንካራዎቹን ወስደህ ቀለማቸውን እንደገና ስትለካ ግማሾቹ ጥቁር ሆነው ቁጭ! ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

«ሒሳብ ሊቅ ካልሆንክ አትሞክረው።»
ግማሹ እውነት ነው። ሒሳብ ያስፈልጋል፣ ግን መነሻው ሰው እንደሚያስፈራራው አይደለም። ማትሪክስና ኮምፕሌክስ ቁጥር ሃይስኩል ነክተናቸዋል፣ ረስተናቸው ነው እንጂ። እስቲ ወረቀት አምጡ። ላይኛው ረድፍ 0 እና 1፣ ታችኛው 1 እና 0 የሆነ ማትሪክስ ጻፉና አይገንቫልዩውን (ማትሪክሱ አንዳንድ ቬክተሮችን ዝም ብሎ የሚያባዛበትን ቁጥር) አውጡ። 1 እና -1 ይመጣል፣ ሌላ የለም። የኤሌክትሮንን ስፒን (በተፈጥሮው የያዘውን፣ እንደ መሽከርከር ያለ ባሕርይ) በአንድ አቅጣጫ ስትለኩ ሁለት መልስ ብቻ የምታገኙት በዚሁ ሒሳብ ነው። የጎደላችሁን ካን አካዳሚ በሚባለው የትምህርት ድረ ገጽ ላይ ሙሉት፣ እሱም ነጻ ነው።

«ቪዲዮ ካየሁ በቂ ነው።»
ይቺ እኔንም ሸውዳኛለች። አንድ ወር ሙሉ የሽሮዲንገርን ድመት ቪዲዮ ሳሳድድ ከረምኩና የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ስከፍት አንዱንም መነካካት አቃተኝ። ሳጥን ውስጥ ሆና በሕይወትም ሞታም ናት የምትባለው ይቺ የሐሳብ ድመት እ.ኤ.አ. በ1935 የመጣችው የንድፈ ሐሳቡን ግራ አጋቢነት ለማሳየት ነው፣ ስሌት ለማስተማር አይደለም።

«ያለ ዋይፋይ አይሆንም።»
ይሆናል። የፊዚክስ ሊቁ የፌይንማን የፊዚክስ ሌክቸሮች 3ኛ ቅጽ፣ ስለ ኳንተም የሆነው፣ ካልቴክ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በከፈተው ገጽ ላይ በነጻ ይነበባል፤ ጽሑፍ ስለሆነ ዳታ አይበላም። የኤምአይቲን የቤት ሥራ ደግሞ በሌሊት ጥቅል አንዴ አውርዱት። መብራት ሲጠፋ ስልክ ላይ ከፍቶ ደብተር ላይ መሥራት ነው፤ እኔ አሁን ሁለተኛው የቤት ሥራ ላይ ነኝ፣ ሦስተኛዋ ጥያቄ አልፈታ ብላኛለች።