ልጆች ያገኟትን ቢራቢሮ ከመጣላችን በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ የሰፈራችን ልጆች ኪስ ባዶ አይገኝም። የምንኖረው ለገጣፎ ነው፤ ከግቢያችን ጀርባ ገና ቤት ያልተሠራበት ሜዳ አለ። የስምንት ዓመቷ ልጄ ከዚያ ስትመለስ ጥንዚዛ ወይም የደረቀ ፌንጣ ሳትይዝ አትገባም። አንድ ቀን ያመጣቻትን የሞተች ቢራቢሮ ቆሻሻ ናት ብዬ ጣልኩባት። ማታውን ሙሉ ስታለቅስ አመሸች። ከዚያ ወዲህ ነፍሳትን አድርቆ ማስቀመጥ ተማርኩላት፤ ዛሬ ሳሎናችን ውስጥ የእሷ ሳጥን ተሰቅሏል። እንግዳ ሁሉ እሱን አይቶ የሚለኝን አንድ በአንድ ልመልስ።

«የቢራቢሮ ዱቄት ዓይን ያሳውራል።»

እኔም ይህን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ጣት ላይ የሚቀረው ዱቄት ግን መርዝ አይደለም፤ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው ክንፏን የሸፈኑ ጥቃቅን ቅርፊቶች ናቸው። የክንፏ ቀለም ያለው እነሱ ላይ ነው። ዓይን ውስጥ ቢገባ እንደ ሌላው አቧራ ይቆረቁራልና በንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው። ክንፏን በጣት ስንይዝ ተጎጂዋ እሷ ናት፤ ስለዚህ በወረንጦ እንያዛት።

«ከሞተ በኋላ ምንም አያደርግም።»

ይህኛው ያሰጋኛል። የሞተች ንብ ወይም ተርብ መንደፊያ ላይ ጣቱን የጫነ ልጅ ይነደፋል። ጥቁር ሆነው ቢጫ ወይም ቀይ መስመር ካላቸው፣ አበባ ላይ ከሚውሉ ጥንዚዛዎች መካከል ደግሞ ካንታሪዲን የሚባል ነገር በሰውነታቸው የያዙ አሉ፤ ደርቀው እንኳ ሲነኳቸው ቆዳ ውኃ ይቋጥራል። እንዲህ ያለውን ጥንዚዛ ልጅ በእጁ አይንካ። መድኃኒት ከሚረጭበት የአትክልት ማሳ የተለቀመ ነፍሳትም ቤት አይግባ።

«ለማስቀመጥ በሕይወት ሳለ መግደል ያስፈልጋል።»

አያስፈልግም። አብዛኞቹ ቢራቢሮዎች ክንፍ ካወጡ በኋላ የሚኖሩት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ጠዋት በረንዳ አምፖል ሥርና መስኮት ጠርዝ ላይ ማየት ይበቃል።

«አንዴ ከደረቀ ክንፉ አይከፈትም፤ ሲነኩት ይሰበራል።»

እንደ ደረቀ ከነኩት እውነት ነው፤ መጀመሪያ ግን ይለሰልሳል። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውሰዱ፤ ከሥሩ እርጥብ ሶፍት አንጥፉ፤ እንዳይሻግት ሁለት ሦስት ጠብታ ደቶል ጨምሩበት። ቢራቢሮዋን በትንሽ ክዳን ላይ አድርጋችሁ ውኃው ሳይነካት አስቀምጡና ዝጉት። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ መገጣጠሚያዋ ይላላል። ከዚያ ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣውን ነጭ ፎም አምጡና ለሰውነቷ የሚሆን ቦይ ቅደዱበት። ስፒሉ በደረቷ መሐል ይገባል፤ ለጥንዚዛ ከሆነ በቀኝ በኩል ባለው ጠንካራ ክንፍ ላይ ነው። ክንፎቿን በስስ የወረቀት ቁራጭ ተጭናችሁ ዘርጉ፤ የወረቀቱን ጫፎች በስፒል ያዙ እንጂ ክንፉን አትውጉ። አንድ ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ ትቆይ። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ልጄ ግን ከእኔ የተሻለ ትዕግሥት አላት። ተራ ስፒል ከጊዜ በኋላ ይዝጋል፤ ትንንሾቹን ካርቶን ላይ በአንዲት ጠብታ ኮላ መለጠፍ ይሻላል።

«ያለ ፎርማሊን ይበሰብሳል።»

የጥንዚዛ ቅርፊት ካይቲን ከሚባል ጠንካራ ነገር የተሠራ ነው፤ በደንብ ከደረቀ ራሱን ይጠብቃል። ፎርማሊን ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል ነውና የልጆች ዕቃ አጠገብ ቦታ የለውም። የውኃ ተርብ ግን ብትደርቅም የሰውነቷ ቀለም ይደበዝዛል፤ ልጁ አስቀድሞ ይወቀው።

«ናፍታሌን ጣል ማድረግ ነው።»

ከረሜላ የምትመስል ነጭ ኳስ ናት፤ ሕፃን ቢውጣት ቀይ የደም ሴሎችን ልታፈርስ ትችላለች፤ አንድ ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚጎድላቸው ልጆች ደግሞ ይበልጥ ይጎዳሉ። ሳጥን ውስጥ ገብተው ስብስቡን ዱቄት የሚያደርጉ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች መኖራቸው እውነት ነው። መፍትሔው ፍሪዘር ነው፦ በላስቲክ አሽጎ ሁለት ሳምንት። መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ በረዶው ከቀለጠ ቆጠራውን እንደገና እጀምራለሁ።

«መስታወት ውስጥ ከገባ አለቀ።»

የፀሐይ ብርሃን ቀለሙን ይበላዋል። እኛ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው፤ ፀሐያችን ብርቱ ናት። ሳጥኑ ከመስኮት ትይዩ አይሰቀል።

«ስሙን ካላወቅን ዋጋ የለውም።»

ስሙን የሚያውቅ ሰው ነገ ሊገኝ ይችላል፤ የተገኘበት ቦታና ቀን ግን ዛሬ ካልተጻፈ ጠፋ። ለተመራማሪም ቢሆን እነዚህ ሁለቱ የሌሉት ነፍሳት ብዙም አይጠቅምም። በእስክሪብቶ የተጻፈ ብርሃን ላይ ይደበዝዛል፤ በእርሳስ ይሁን። ዓ.ም. የሚለውንም አትተዉ፤ ያለዚያ ወደፊት የሚያነበው ሰው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ሊሳሳት ይችላል። ልጄ ከመጀመሪያዋ ቢራቢሮ ሥር የለጠፈችው እንዲህ ይላል፦ «ለገጣፎ፣ ከቤታችን ጀርባ ሜዳ፣ መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ድንጋይ ላይ ተኝታ ያገኘኋት።»