ስኪበሪን፦ ስለ አየርላንድ የገጠር ገበያ ከተማ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ስኪበሪን በደቡብ ምዕራብ አየርላንድ፣ በኮርክ አውራጃ፣ አይለን በሚባል ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ነዋሪዋ ወደ 3,000 ይጠጋል። እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በሁለት ነገር ነው፤ ወይ ደብሊን ላይ የሠራለት ሁሉ እዚያም የሚሠራ ይመስለዋል፣ ወይ «የገጠር ገበያ» ሲባል የአገር ቤቱን የቅዳሜ ገበያ ያስባል። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«የሸንገን ቪዛ ካለኝ አየርላንድም እገባለሁ»

አይቻልም። አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም ሸንገን ውስጥ የለችም። የብሪታንያ ቪዛም ለኢትዮጵያ ፓስፖርት አይሠራም፤ በአንዱ ቪዛ ሁለቱንም አገር መጎብኘት የተፈቀደው እንደ ህንድና ቻይና ላሉ ጥቂት አገሮች ዜጎች ነው። በብሪታንያ ሥር ካለችው ቤልፋስት ወደ ደቡብ ሲወርዱ ኬላ ስለሌለ ብዙ ሰው ይዘናጋል። ኬላ ባይኖርም ሕጉ አለ፤ አውቶቡስ አስቁመው ፓስፖርት የሚጠይቁ ፖሊሶች ያጋጥማሉ። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ይዞ ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ የሆነ ሰውም ቪዛ መጠየቅ አለበት። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ግን እስከ 90 ቀን ለሚደርስ ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም።

ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ማጠቃለያ ታትሞ ይፈረምበትና ከፓስፖርቱና ከማስረጃው ጋር ይላካል። ክፍያው ለአንድ ጊዜ መግቢያ 60 ዩሮ፣ ለተደጋጋሚ መግቢያ 100 ዩሮ ነው። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ከሦስት ወር ወዲህ ነው። ማመልከቻ ከሚያስጥሉት ነገሮች ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ ከየት እንደመጣ ያልተብራራ፣ ድንገት ባንክ የገባ ትልቅ ገንዘብ፣ እና ከዚህ በፊት ሌላ አገር የከለከለውን ቪዛ መደበቅ። ቪዛው ሳይመታ የማይመለስ ቲኬት አይቁረጡ።

«የገበያ ቀን ማለት ቀኑን ሙሉ ነው፤ ከብቱም እህሉም አንድ ቦታ ይሸጣል»

የስኪበሪን ገበያ ቅዳሜ ነው፤ ቦታው ፌርፊልድ ይባላል። ከጠዋቱ 9:30 ገደማ ይጀምራል፤ ከቀኑ 1:30 በኋላ የሚደርስ ሰው የሚያገኘው ድንኳን የሚያጥፉ ነጋዴዎችን ነው። ዳቦ፣ የአካባቢው አይብ፣ በጭስ የተጠበሰ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አትክልት፣ ችግኝና አሮጌ ዕቃ ይሸጣል። ጥሩው ዳቦ ቀድሞ ስለሚያልቅ በጠዋቱ መሄድ ይሻላል። ዋጋ ተጽፎ ይለጠፋል፤ ክርክር የለም። «ትንሽ ቀንሺልኝ» ማለት ስድብ ባይሆንም አያስቀንስም፣ ሻጯን ግን ያሳፍራታል። በጥሬ ገንዘብ ሲከፍሉ ሒሳቡ ወደ ቅርቡ 5 ሳንቲም ይጠጋጋል፤ የአንድና የሁለት ሳንቲም መልስ ካልተሰጠዎት ማንም አላጭበረበረዎትም።

የቀንድ ከብቱ ገበያ ፈጽሞ ሌላ ነው። ቀኑም ቦታውም የተለየ ሲሆን «ማርት» ይባላል። ድሮ ከብት የሚሸጠው በየከተማው መንገድ ላይ ነበር፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የገበሬ ማኅበራት ወደ አጥር ግቢ አስገቡት። አሠራሩ ጨረታ ነው። ከብቱ ወደ ክቡ መድረክ ይገባል፤ ክብደቱ፣ ዕድሜው፣ ዝርያውና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራው ቀን በሰሌዳ ላይ ይታያል። አጫራቹ ዋጋውን እየደረደረ ይጠራል፣ ገዢዎች በአንገት ንቅናቄ ይጨምራሉ። ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ዋጋው ከተስማማው «ይሸጥ» ይላል፤ ካልተስማማው ከብቱን ይዞ ይመለሳል።

«አፍንጫህን ብታክ ላም ትገዛለህ» የሚባለው ቀልድ ብቻ ነው። ለመግዛት የመንጋ ቁጥር (የከብት አርቢነት መመዝገቢያ ቁጥር) ያለውና ማርቱ ውስጥ የተመዘገበ ሰው መሆን ያስፈልጋል። ስለዚህ ቆመው ቢመለከቱ ችግር የለውም፤ ፋንድያ የሚችል ጫማ ብቻ ያድርጉ፣ ከብት በሚነዳበት መተላለፊያም አይቁሙ። ከሽያጩ በኋላ ሻጩ ለገዢው ጥቂት ዩሮ የሚመልስበት «የዕድል ሳንቲም» የሚባል ልማድ አለ። ምርቃት ለለመደ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

«ባቡር ያደርሰኛል፤ ካልሆነም ከመንገድ ታክሲ እይዛለሁ»

የምዕራብ ኮርክ ባቡር በ1961 ተዘግቷል። ባቡር እስከ ኮርክ ከተማ ያደርሳል፤ ከዚያ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚቀረው በ237 ቁጥር አውቶቡስ ሲሆን ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በገጠር ፌርማታ ላይ ዝም ብሎ ለቆመ ሰው አውቶቡስ አይቆምም፤ እጅ ዘርግተው ማስቆም አለብዎት። እሑድ ምልልሱ ስለሚቀንስ ከመሄድዎ በፊት የመመለሻውን ሰዓት ይወቁ። ታክሲ የሚመስለው «ሃክኒ» ደግሞ ጣሪያው ላይ ምልክት፣ ውስጡም ሜትር የለውም፤ ከመንገድ ማስቆም አይፈቀድም። ቀድመው ይደውላሉ፣ ዋጋውንም ሳይሳፈሩ ይስማማሉ።

መኪና የሚከራይ ሰው የሚነዳው በግራ ነው። ማርሹ በግራ እጅ ስለሚሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው አውቶማቲክ ቢከራይ ይሻለዋል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ከየካቲት 2025 ጀምሮ በገጠር የአካባቢ መንገዶች ላይ የፍጥነት ወሰኑ ከ80 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ወርዷል። ብዙዎቹ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ በመሆናቸው 60ም ይበዛባቸዋል። ሁለት መኪና ሲገናኝ፣ የእርሻ በር ወይም ሰፋ ያለ ዳር የቀረበለት ይጠጋና ሌላውን ያሳልፋል። ከፊት የሚመጣው ሾፌር ከመሪው ላይ አንድ ጣት ቢያነሳ ሰላምታ ነው፤ እርስዎም ያንሱ።

«አትክልት ካልኩ ጾሜን አልገድፍም»

እዚህ ላይ ብዙ ጿሚ ሳያውቅ ይሳሳታል። «ቬጀቴሪያን» ማለት ሥጋና ዓሣ የለበትም ማለት ብቻ ነው፤ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል ይገባበታል። ስለዚህ «ቪጋን» ይበሉ። የአትክልት ሾርባው ክሬም ወይም የዶሮ መረቅ ሊኖረው ይችላል። ቡናማው ሶዳ ዳቦ የሚቦካው በአሬራ ነው፤ እርሾ ስለሌለው አሬራው ከሶዳው ጋር ተዋሕዶ ነው የሚያስነሳው፣ ያለ እሱ ዳቦው አይሆንም። አንዳንድ ቤት ድንች የሚጠበሰው በበሬ ሞራ ስለሆነ ዘይቱን ይጠይቁ።

በሕግ ማንኛውም ምግብ ቤት 14 ዓይነት አለርጂ አምጪ ነገሮች በየምግቡ ውስጥ መኖራቸውን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ከምግቡ ስም አጠገብ በቁጥር ይጻፋሉ። ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ከ14ቱ ውስጥ ስላሉ ለጿሚ ዝርዝሩ ጥሩ ማጣሪያ ነው። የዶሮ መረቅና የአሳማ ሥጋ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌሉ በአፍ መጠየቅ የግድ ነው።

አሳማ የማይበላ ክርስቲያንም ሙስሊምም በተለይ ቁርስ ላይ ይጠንቀቅ። «ራሸር» የሚባለው ስስ የሥጋ ቁራጭ አሳማ ነው፤ ቋሊማውም ሌላ ካልተባለ አሳማ ነው። «ጥቁር ፑዲንግ» የሚባለው ጣፋጭ ሳይሆን የቋሊማ ዓይነት ነው፣ ደም አለበት፤ ነጩ ደም ባይኖረውም የአሳማ ሥጋ ነው። በእንግዳ ማረፊያ የሚያድሩ ከሆነ ማታውኑ ይናገሩ፤ ጠዋት መጥበሻው ከጋለ በኋላ ቢናገሩ ሁሉም በአንድ ስብ ተጠብሷል።

«ዝናቡ አያባራም»

ደብሊን በዓመት የምታገኘው ዝናብ ወደ 750 ሚሊ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከ1,100 በላይ ታገኛለች። ደቡብ ምዕራቡ ከደብሊን በጣም ይረጥባል፤ ሆኖም ዝናቡ ክረምት ብሎ አይለይም፣ ዓመቱን ሙሉ በካፊያ ተበትኖ ይመጣል፣ ከነፋስም ጋር። ጃንጥላ ይገለበጣልና ቆብ ያለው የዝናብ ጃኬት ይያዙ። እንግዳን ከዝናቡ ይልቅ የሚያስደነግጠው ብርሃኑ ነው፦ በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 10 ሰዓት አካባቢ፣ በታኅሣሥ ደግሞ 4:30 አካባቢ ነው።

«ፐብ የሰካራም ቤት ነው»

ፐብ የሰፈር ሳሎን ነው፤ ሻይ ይጠጣበታል፣ ምሳ ይበላበታል። አስተናጋጅ ስለማይመጣ ባንኮኒው ጋ ሄደው ያዛሉ፣ ጉርሻም አይጠበቅብዎትም። ወጥ ቤቱ ከመጠጡ ቀድሞ፣ ብዙ ጊዜ 9 ሰዓት አካባቢ ይዘጋል። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከምሽቱ 9 ሰዓት፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ደግሞ 10 ሰዓት ላይ መውጣት አለባቸው። አንድ ሰው ከጋበዘዎት ቀጣዩ ዙር የእርስዎ ነው፤ ዙሩ ውስጥ መግባት ካልፈለጉ ገና ሲጀመር «እነዳለሁ» ማለት በቂ ነው። መጸዳጃው በር ላይ በአይሪሽ ብቻ ከተጻፈ ደግሞ በ«ኤም» የሚጀምረው የወንዶች እንዳይመስልዎት፤ «ምና» ሴቶች፣ «ፊር» ወንዶች ማለት ነው።

«ረሃቡ የመጣው አገሩ ውስጥ ምግብ ስላልነበረ ነው»

ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን በመታው ታላቅ ረሃብ የድንቹን ሰብል ያጠፋው በሽታ ነው፤ ድሃው ገበሬ የሚበላው ደግሞ ድንች ብቻ ነበር። እህል፣ ቅቤና ከብት ግን በረሃቡም ዓመታት ከአገሪቱ ወደቦች ይጫን ነበር፤ የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ሰው ሞተ። የወሎን ረሃብ ታሪክ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይሆንም። በአገሪቱ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ሲሞት ስኪበሪን ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዷ ነበረች። በኅዳር 1846 ከተማዋ ውስጥ የተከፈተው የሾርባ ቤት በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይመግብ ነበር።

አቢስትራውሪ መቃብር ከከተማው ወጣ ብሎ በስተ ምዕራብ፣ በዋናው መንገድ ዳር ነው። ከ8,000 እስከ 10,000 የሚገመቱ ሰዎች በጅምላ ተቀብረውበታል። ጉድጓዶቹ ያሉበት ሥፍራ የሚታየው ሣር ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሟች የቆመ ድንጋይ የለም። ሳያነብ የመጣ ሰው ባዶ መስክ መስሎት አልፎት ይሄዳልና አስቀድመው ከተማው ውስጥ በድሮው የጋዝ ፋብሪካ ሕንፃ ያለውን የቅርስ ማዕከል ይዩ፤ በብርዱ ወራት ስለሚዘጋ የመክፈቻ ቀኑን ያረጋግጡ።