«ወንድ አይደለህም እንዴ?» ለወንድ ልጆቻችን የምንነግራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ጠዋት የሰፈር ልጆች ኳስ አሠለጥናለሁ። ከ11 እስከ 14 ዓመት ያሉ ወንዶች ናቸው። አሠለጥናለሁ ስል ፊሽካና ሁለት ኳስ አለኝ ማለት ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሜዳው ዳር ቆሜ ከልጆቹም ከወላጆቹም ስለ ወንድነት ብዙ እሰማለሁ፤ አብዛኛው ስህተት ነው። እኔም በዚሁ ነው ያደግሁት፣ ስለዚህ ፈራጅ ልሁን እያልኩ አይደለም።

«ወንድ ልጅ አያለቅስም»

ከዚህ ልጀምር፣ ብዙው ነገር የሚነሣው ከዚህ ነው። አንድ ቅዳሜ አንዱ ልጅ አፍንጫው ላይ በክርን ተመታ። ሆን ተብሎ አልነበረም። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከኋላ አንዱ «ሴት!» አለ፣ ሌሎቹ ሳቁ። ልጁ እንባውን ዋጥ አድርጎ ዞረና፣ ክርኑን ያሳረፈበትን ሳይሆን አጠገቡ የቆመውን ምስኪን ቦክስ አቀመሰው። ሳቁ ወዲያው ቆመ። አያችሁ? ማልቀሱ አሳፈረው፣ መማታቱ አስከበረው። ይሄን በየሳምንቱ እየተማረ ያደገ ልጅ በ25 ዓመቱ ሚስቱ ላይ እጁን ሲያነሣ «ከየት አመጣው?» እንላለን።

ደግሞ ነገሩ ራሱ ውሸት ነው። ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ አታውቁም? የተከበሩ ትልልቅ ሰዎች፣ መንደሩ የሚፈራቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ፣ ደረታቸውን እየመቱ ሲያለቅሱ ማንም «ሴት» አይላቸውም። እንደውም የሚታማው ለወንድሙ ያላለቀሰው ነው። ዳዊት ጎልያድን መጣሉን ለልጆች እንተርካለን፣ ለአቤሴሎም «ልጄ ልጄ» እያለ ማልቀሱን ግን ዘለል እናደርገዋለን። ስለዚህ ወንድ ያለቅሳል፣ ግን መጀመሪያ ሰው መሞት አለበት።

ያን ልጅ ወደ ዳር ወስጄ «አመመህ?» አልኩት። «አላመመኝም።» «እኔን ቢሆን ያመኝ ነበር» ስለው ጫማውን እያየ «ትንሽ» አለ። ከዚያ አለቀሰ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፣ ከዚያ የመታውን ልጅ ራሱ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀው።

«ተፈጥሮው ነው፣ የወንድ ደም ይሞቃል»

«ሆርሞን ነው» የሚል የተማረ ሰውም አይጠፋም። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን በወንዶች ሰውነት ውስጥ በብዛት መመረት የሚጀምረው በጉርምስና ነው። የ6 ዓመት ወንድና የ6 ዓመት ሴት ልጅ በዚህ በኩል ብዙም አይለያዩም። ታዲያ የ6 ዓመቱ ልጅ እህቱን በጥፊ ሲላት በምን እናሳብብ? ሌላ ሰው ሲያደርገው አይቷል፣ ወይም እሱ ሲያደርገው «የኔ አንበሳ!» ተብሎ ተስቆለታል።

«ዱላ ያልቀመሰ ልጅ ይባልጋል»

የተገረፈ ልጅ የሚማረው ትልቁ ትንሹን የመምታት መብት እንዳለው ነው። ከዚያ እሱም ትልቅ እስኪሆን ይጠብቃል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እኔ ስማር አርጩሜው በየክፍሉ ነበር፣ እሱን እንተወው።

«ችግሩ የወንዶቹ ብቻ ነው»

እዚህ ላይ እኔም ተሳስቼ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ሴቶችም ወንዶችም አንድ ጥያቄ ተጠይቀው ነበር፦ ባል ሚስቱን መምታቱ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ? ወጥ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል፣ ግንኙነት እምቢ ብትል? ቢያንስ በአንዱ ምክንያት «አዎ፣ ተገቢ ነው» ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ናቸው። ሴቶቹስ? 63 በመቶ!

እናቶችን ለመውቀስ አይደለም፣ ዱላው የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ግን ልጁ ይሄን የሚሰማው ከአባቱ ብቻ አይደለም። ከእናቱ፣ ከአያቱ፣ ከአክስቱም ይሰማዋል። «አባትህ ቢመታኝ አጥፍቼ ነው» ያለች እናት ሳታስበው ለልጇ ፈቃድ ሰጠችው።

በሌላ በኩል፣ በ1997 ዓ.ም. ተመሳሳይ ጥያቄ ሲጠየቅ ሴቶቹ 81 በመቶ ነበሩ። በ11 ዓመት 18 ነጥብ ወረደ። ስለዚህ «ባህላችን ነው፣ አይለወጥም» የሚለውም አብሮ ወደቀ። ጠለፋንም አስታውሱ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከክስ ያመልጥ ነበር። ከ1997 ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ግን ጋብቻውን አይሰማም፤ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። ወይም ደቡብ ጎንደር፣ አውራ አምባ ሂዱ። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. በመሠረቱት ማኅበረሰብ ሥራ በወንድና በሴት አይከፈልም፣ በአቅም ነው። ሴቷ ታርሳለች፣ ወንዱ ይጋግራል። ይሄ የሆነው ስዊድን ውስጥ አይደለም።

«ጓዳ የገባ ወንድ ይናቃል»

ደብረ ዳሞ ገዳም ሴት አትገባም። ለመነኮሳቱ ማን የሚያበስልላቸው ይመስላችኋል?

«የሴት ልጅ»

እናቱ ብቻዋን ያሳደገችው ልጅ በዚህ ስድብ ይቀጠቀጣል። አባት የሌለበት ቤት ሥርዓት ያለው ወንድ አያወጣም የሚል ግምት አለበት። ቡድኔ ውስጥ ሦስት እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ኳስ ሲወስዱባቸው እንኳ «ይቅርታ» የሚሉ ናቸው። ልጁ የሚጎድለው አባት የሚባል ማዕረግ አይደለም፤ ተቆጥቶ የማይማታ፣ አጥፍቶ «ይቅርታ» የሚል ወንድ በቅርብ ማየት ነው። አጎት ይሁን፣ አስተማሪ ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን። አባት ኖሮ ቤቱን በዱላ ከሚገዛስ? የሴት ልጅ መሆን በስንት ጣዕሙ።

«እባክህ ምከርልኝ»

ወላጆች ይሄን ሲሉኝ ልጁን ቁጭ አድርጌ አንድ ሰዓት እንድሰብክለት ይፈልጋሉ። ሞክሬዋለሁ። የ13 ዓመት ልጅ ፊት ለፊት ሲመከር ጆሮው ይዘጋል፣ «እሺ፣ እሺ» ብሎ ይሄዳል። የሚያወራው ጎን ለጎን ሆናችሁ እጃችሁ ሥራ ሲይዝ ነው።

እኛ ማሊያ እናጥባለን። ድሮ ልጆቹ ጭቃ በጭቃ የሆነውን ማሊያ ቤት ወስደው ለእህቶቻቸው ይወረውሩላቸው ነበር። አሁን በተራ እኔ ግቢ፣ በሁለት ሳፋ፣ ራሳቸው ያጥባሉ። መጀመሪያ ላይ ሳሙናው የት እንደሚገባ እንኳ አያውቁም ነበር። ግን እጃቸው አረፋ ውስጥ ሆኖ ያወሩኝን ነገር ሜዳ ላይ ሰምቼው አላውቅም። አባቴ ትናንት ጠጥቶ መጣ፣ እናቴ አለቀሰች፣ እኔ ምን ላድርግ? ለሁሉም መልስ የለኝም። ዝም ብዬ አብሬ እጨምቃለሁ።

አንዷ እናት በሦስተኛው ሳምንት ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ልጄን ማሊያ ታሳጥበዋለህ አሉ?» ለጭቅጭቅ ተዘጋጀሁ። «አዎ» አልኩ። ትንሽ ዝም ብላ «እባክህ ካልሲውንም ጨምርበት» አለችኝ።